ወረዳ ወይስ ኮንትራክተር? ጎጃም ላይ ሥራ የሚጀምር ሲቪል መሐንዲስ ጉዳይ

ጎጃም ውስጥ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ከብዷል። ባሕር ዳር ያስመርቃል፣ ደብረ ማርቆስ ያስመርቃል፤ ጎንደርና አዲስ አበባ ተምሮ የሚመለሰውም አለ። የምርቃት ሰሞን ድግሱ፣ ፎቶው፣ "ኢንጂነር" መባሉ ደስ ይላል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጥያቄው ይጀምራል። "ልጄ፣ እስካሁን ምንም የለም?" የለም። የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት ልምድ ይላል። በዜሮ ዓመት የሚቀጥር ሲገኝ ደግሞ ለአንዲት ቦታ የሚመዘገበው ሰው ግቢ ይሞላል።

ይህ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። አገሪቱ መንገዱንም፣ ግድቡንም፣ ኮንዶሚኒየሙንም፣ ዩኒቨርሲቲውንም በአንዴ እየገነባች ስለነበር ሐሳቡ ያኔ ያስኬድ ነበር። በ2003 በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ የማገናኘት ፕሮግራም መጣ። የሙያው ሰዎች ዩራፕ የሚሉት ነው። አዲስ ተመራቂዎች በማኅበር ተደራጁና የወረዳ መንገድ ኮንትራክተርም አማካሪም ሆኑ። ብር ያገኙ አሉ፤ ከስረው የተበተኑም አሉ።

ከዚያ ገንዘቡ ቀዘቀዘ፤ ተመራቂው ግን አልቀዘቀዘም። 2015 ላይ የመውጫ ፈተና መጣ። ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪ የለም። ፈተናው ዲግሪ የሚወስደውን ከማይወስደው ይለያል እንጂ ሥራ አይፈጥርም። ያለፈውም ያው ሲቪውን ይበትናል።

በዚህ መሀል ጀማሪዎች ሲመክሩ የምሰማው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ከተቻለ አዲስ አበባ፤ ካልሆነ ትልቅ ኮንትራክተር ጋር፤ እሱም ካልሆነ አማካሪ ድርጅት፤ ሁሉም እንቢ ካለ ወረዳ። ወረዳ የመጨረሻው መጠጊያ ነው። እኔ ይህ ቅደም ተከተል በሙያው ዓይን ሲታይ የተገለበጠ ይመስለኛል። ጎጃም ላይ የሕዝብ ሥራ መማር ለሚፈልግ ሰው የወረዳ ቢሮን የሚተካ ትምህርት ቤት የለም። ችግሩ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ የለውም። ጀማሪውን ከወረዳ የሚያሸሸውም ከደመወዙ እኩል ይህ ነው።

መጀመሪያ ሥራው የማን እንደሆነ እንይ። ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት የፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚዞረውም እንደዚያው። ከነዚህ የሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች አብዛኞቹ ክልሉ እጅ ናቸው። ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው ወረዳ ላይ ይወድቃል። ኮብልስቶኑ፣ የከተማው ቦይና ሰሞኑን ደግሞ ኮሪደር ልማቱ የማዘጋጃ ቤት ነው። መስኖና መጠጥ ውኃ በውኃ ቢሮና ከሥሩ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች ያልፋል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ቢሆንም ግንባታውን የሚቆጣጠር መሐንዲስ የሚፈለገው ከዚያው ከወረዳ ወይ ከዞን ነው።

ስም ያላቸው ሥራዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ዓባይ በረሃ ላይ ያለው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ በጃፓን ኩባንያ ተሠራ። ግንቦት 2016 ላይ የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲስ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ኮንትራክተሩ ቻይናዊ ነበር። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታሰበ ነው። እዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ላይ ስሙ የተጻፈ ልጅ ሲቪው ያምራል። ነገር ግን ትልቅ ፕሮጀክት ጀማሪን የሚያሳየው አንዲት ቁራጭ ነው። ዓመት ሙሉ የፌሮ ምርመራ ፎርም ሲሞላ የከረመ ልጅ አውቃለሁ። ፌሮ ያውቃል። መንገዱ ለምን በዚያ በኩል እንዳለፈ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፈል፣ ከገበሬው ጋር ማን እንደተነጋገረ ግን አላየም። ማሳየት የነበረበትም ሰው የለም። ሁሉም በየክፍሉ ተወጥሯል።

ወረዳ የገባው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። ሁሉንም የሚሠራው እሱ ነው። ዛሬ የመማሪያ ክፍል መሠረት ይለካል፣ ነገ ምንጭ ሊጎለብት ያለበት ቦታ ይሄዳል፣ ከነገ ወዲያ የተሰበረ ካልቨርት (ውኃን ከመንገድ ሥር የሚያሳልፍ መተላለፊያ) አለ ተብሎ በሞተር ይላካል። ሞተሩ ነዳጅ ካለው ነው እንግዲህ።

ውኃው

ጎጃም ላይ መንገድ የሚሞተው በመኪና ብዛት አይደለም። በውኃ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ዓባይ በረሃ ውስጥ ወንዙ ያለበት 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ላይ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ የመሳሰሉ ወንዞች ይወርዳሉ። ዝናቡ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይጠቃለላል። በየተረተሩ የታረሰ መሬት አለ። ስለዚህ የሚወርደው ውኃ ብቻ አይደለም፤ አፈር፣ ገለባ፣ ግንድ፣ ድንጋይ አብሮ ይመጣል።

አፈሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ መራዊና ወደ ቡሬ ቀይ አፈር ይበዛል፤ ለሥራ ይመቻል። ደጀን፣ ቢቸና፣ ሸበል በረንታ አካባቢ ግን ጥቁር ዋልካ ነው። ጤፍ ይወደዋል፤ መንገድ ግን ይጠላዋል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያለው መንገድ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰባበራል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ በአንድ ምዕራፍ ያልፋል፤ ላብራቶሪ ላይ ሲቢአሩ፣ ማለት የአፈሩ ጭነት የመሸከም አቅም መለኪያ፣ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ይመዘገባል፣ አበቃ። መስክ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። ዋልካውን ስንት አውጥቼ በምን ልተካ? ለመንገድ የሚደለደለው ገረጋንቲ የሚቆፈርበት ካባ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? በጀቱ ይችለዋል? ካልቻለስ ቢያንስ ውኃው ከመንገዱ እግር ሥር እንዳይተኛ ቦዩን ወደ የት ላርቀው?

አንድ የቱቦ ካልቨርት ጠጋ ብለን እንይ። ፕላን ላይ ሁለት መስመር ናት። ዲያሜትሯ 90 ሴንቲ ሜትር ወይ አንድ ሜትር። ሠራተኛው ቦይ ቆፍሮ ቱቦ ደርድሮ አፈር ይመልስባታል፤ በቃ፣ ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሥራው ይኸው ነው።

ቅርብ ሆኖ ለሚያይ ግን ብዙ ነው። የቦዩ ወለል ዋልካ ከሆነ ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ ካልተተካ ቱቦው ያዘቀዝቃል፤ ሁለተኛው ክረምት ላይ መገጣጠሚያው ይከፈትና ውኃው ከቱቦው ውጪ በአፈሩ ውስጥ መንገድ ይፈልጋል። አፈሩ ሲመለስ ከግራና ከቀኝ እኩል፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ካልሄደ ቱቦው ወደ ጎን ይገፋል። ፎርማኑ ቶሎ ለመጨረስ በአንድ ወገን አንድ ገልባጭ ሙሉ ይደፋል። ያን ሰዓት እዚያ የቆመ ተቆጣጣሪ ካለ ያስቆመዋል፤ ከሌለ ተሸፍኖ ያልፋል። ከቱቦው በላይ በቂ አፈር ሳይኖር ሲኖትራክ ካለፈበትም ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም።

መውጫው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከቱቦው የሚወጣው ውኃ የት ይሄዳል? ፕላኑ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ግን የሰው ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ውኃ መንገዱ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ይለቀዋል። በሁለት ክረምት ማሳው መሀል ገደል ይከፈታል። ገበሬው ምን ያደርጋል? በድንጋይና በግንድ ቱቦውን ይደፍነዋል። ከዚያ ውኃው መንገዱን ጥሶ ያልፋል። ቢሮ ውስጥ "ሕብረተሰቡ መሠረተ ልማት ያወድማል" ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማዝነው ለገበሬው ነው። ውኃው በድንጋይ ንጣፍ እስከ ተፈጥሮ ቦዩ ድረስ ቢወርድ ኖሮ ቱቦውን የሚደፍንበት ምክንያት አይኖረውም ነበር። ያ ንጣፍ ግን ከውሉ ውስጥ ወጪ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዘው መስመር ነው።

ይህንን ለማወቅ ላፕቶፕ አይበቃም። የትናንሽ ጅረቶች የፍሰት መለኪያ አብዛኛው ቦታ የለም። ያለው መረጃ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው።

"አባባ፣ ነሐሴ ላይ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?"

"ያቺ ግራር ትታይሃለች? በደህና ዓመት ከሥሯ ነው። የከፋ እንደሆነ ወገቧ ድረስ።"

ይህ በማስታወሻ ደብተር ይጻፋል፣ በሜትር ይለካል፣ ከስሌቱ ጋር ይነጻጸራል። ስሌቱ 90 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ይበቃል ካለና ግራሯ ሌላ ከመሰከረች፣ ስሌቱን እንደገና ማየት ነው። የጎጃም አርሶ አደር ኢንጂነር ሲያይ ዝም ይላል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም። በኋላ ሲፈርስ "እኛማ ይፈርሳል ብለን ነበር" ይላል። ብሎም ነበር፤ እርስ በርሱ።

የተቀበረው ሥራ

ሁለተኛው ትምህርት መለካት ነው። ዲዛይን ማድረግ ደስ ይላል፤ ሶፍትዌሩም ያምራል። የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣው ግን በልኬት ነው። ኮንትራክተሩ የሠራውን ይጠይቃል፣ ተቆጣጣሪው ይለካል፣ ይፈርማል፣ ክፍያ ይወጣል። ፊርማው የጀማሪው ነው።

ቁፋሮን እንውሰድ። የሥራ ዝርዝሩ ላይ አፈር፣ ለስላሳ አለትና ጠንካራ አለት እየተባለ ይለያያል። የአለቱ ነጠላ ዋጋ ከአፈሩ እጅግ ይበልጣል። ጉድጓዱ ክፍት እያለ ቆሞ ያየ ሰው፣ እስከዚህ አፈር፣ ከዚህ በታች አለት ብሎ በሜትር መለየት ይችላል። መሠረቱ ከተሞላ በኋላ ግን ማን ያውቃል? ኮንትራክተሩ "ግማሹ አለት ነበር" ይላል። ምናልባትም ነበር። ምናልባትም አልነበረም። ያኔ ክርክሩ በማስረጃ ሳይሆን በጉልበት ይፈታል፤ ጉልበት ደግሞ ጀማሪው ዘንድ የለም። ስለዚህ የሚቀበር ነገር ሳይቀበር ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳል፣ ቀኑ ይጻፋል፣ በልኬት ወረቀቱ ላይ የኮንትራክተሩ ሰው አብሮ ይፈርማል። ትእዛዝ በቃል አይሰጥም፤ በሳይት መዝገብ ይጻፋል። ስልክ ላይ የተባለ ነገር የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ሰኔ ላይ የለም።

ሌላው የገረጋንቲ ማጓጓዣ ርቀት ነው። ካባው 4 ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ክፍያው 11 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ምንም ስሕተት አይታይም፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ድምሩም ትክክል ነው። ሞተር ይዞ ካባው ድረስ የሄደ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። አርማታም እንዲሁ። ለሙከራ የሚሞላው የአርማታ ኪዩብ 28 ቀን ጠብቆ ላብራቶሪ ላይ ይጨመቃል፤ ውጤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ኪዩቡ የተሞላው ግን ፎርማኑ ለኢንጂነሩ ብሎ ለብቻው አሳምሮ ካቦካው ነው ወይስ ምሰሶው ውስጥ ከሚገባው? ሙሌት ላይ ቆሞ፣ ውኃ በባሊ ሲጨመር "በቃ!" የሚል ሰው ከላብራቶሪው ወረቀት ይበልጥብኛል።

ጀማሪ ላይ የሚመጣው ጫና በአብዛኛው ገንዘብ ይዞ አይመጣም። ብዙ ሰው ጉቦ ብቻ ያስባል። አዎ፣ እሱም አለ። የተለመደው ግን ለስላሳ ነው። ምሳ ነው። "ወንድሜ፣ አንተም ነገ ኮንትራክተር ትሆናለህ" ነው። ከአለቃ በኩል ደግሞ "ሥራ አታደናቅፍ" የምትል ቃል አለች። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሳይት ላይ የኖረ ፎርማን ፊት ቆሞ "ይፍረስ" ማለት ቀላል አይደለም። "ጋሼ፣ ይሄ ፌሮ በፕላኑ መሠረት በ15 ሴንቲ ነው፤ እዚህ 20 ነው" ማለት ግን ይችላል። ሜትሩን ዘርግቶ። ድምፁን ሳያነሣ። ጥሩ ፎርማን ያኔ ይስቅና ያስተካክላል፤ ልጁን ሲፈትነው ነበር። ከጥሩ ፎርማን የሚገኝ ዕውቀት ደግሞ የትም አይገኝም። እሱን የሚንቅ ኢንጂነር የራሱን ትምህርት ነው የሚዘጋው።

ለሴት ጀማሪዎች በዚህ ላይ ሌላ ይጨመራል። ሳይት ላይ መጸዳጃ የለም፣ ካምፑ ለወንድ ነው የተሠራው፣ ማታ የሚመለስ ትራንስፖርት የለም። ከዚያ "ሴት መስክ አትወድም" ይባልና ቢሮ ትቀመጣለች። ሳይወጡ ልምድ ከየት ይመጣል?

ሰኔ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ይህ ቀን መቁጠሪያ ለመንገድ ሥራ የተሠራ አይደለም። ሐምሌ ላይ በጀት ይጸድቃል፤ ዝናብ ነው። ከዚያ ዕቅድ፣ የጨረታ ሰነድ፣ ማስታወቂያ፣ ግምገማ፣ ቅሬታ፣ ውል። ደረቁ ወቅት ጥቅምት ላይ ይጀምራል፤ ኮንትራክተሩ ግን ማሽን ይዞ የሚገባው ብዙ ጊዜ ጥር ላይ ነው። ሦስት ውድ ወራት በወረቀት ሄዱ። ፋሲካ አለ፣ መሀል ላይ የሲሚንቶ እጥረት አለ፣ ወሰን ማስከበር አለ። የካሳው ክፍያ ያልደረሰው ገበሬ ማሽኑ ፊት ይቆማል፤ መብቱም ነው። ግንቦት ላይ ሰማዩ መዳመን ይጀምራል።

ሰኔ ላይ ቢሮው ሌላ መልክ አለው። "በጀቱ ሊመለስ ነው" የሚል ቃል ከኮሪደሩ አይጠፋም። ያልተከፈለ ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለመገኘቱ ዋስትና የለም። ስለዚህ ገና ያልተሠራውን እንደተሠራ አድርጎ መክፈል ብልህነት ተደርጎ ይታያል። "ፈርምልን፤ ሐምሌ ላይ ያሟላል።" ሐምሌ ላይ ማን ዋልካ ላይ ማሽን ያስገባል? የጀማሪ ትልቁ ፈተና ይህ ወር ነው። እምቢ ቢል ለወረዳው መጥፎ ሰው ይሆናል። ቢፈርም ደግሞ ኦዲተር ሲመጣ ስሙ እዚያ አለ፤ ያስፈረመው አለቃ ተዛውሯል።

ይህ የልጁ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ ያናድደኛል። ጨረታውን ክረምት ላይ ጨርሶ ጥቅምት ላይ ማሽን ማስገባት ይቻላል። ዲዛይኑ ባለፈው ዓመት ካለቀ፣ ሰነዱ ሰኔ ላይ ከተዘጋጀ ነው። ዲዛይን የሚሠራው ግን በጀቱ ከጸደቀ በኋላ፣ በጥድፊያ፣ አንዳንዴም ያለፈውን ፕሮጀክት ኮፒ አድርጎ ነው። የሌላ ወረዳ ስም ሳይቀየር የቀረበት የዲዛይን ሪፖርት ያላየ ካለ ዕድለኛ ነው።

ደመወዙና ዘመኑ

ስለ ገንዘብ እንነጋገር። ነሐሴ 2017 ላይ ይፋ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ጀማሪ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። አድጓል ማለት ይቻላል። ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ ትንሽ ልኮ ለሚኖር ሰው ምን እንደሚተርፍ ማስላት የመሐንዲስ ዕውቀት አይጠይቅም። ኮንትራክተር ጋር የተሻለ ይከፈል ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ለጀማሪ ከዚያ በታች ይሰጣል። ፕሮጀክቱ ሲቆም ደመወዙም ይቆማል። የሦስትና የአራት ወር ደመወዝ ሳያገኝ ካምፕ ውስጥ የሚጠብቅ ልጅ ብርቅ አይደለም። የመንግሥቱ ትንሽ ናት፤ ግን ፕሮጀክት ሲቆም አብራ አትቆምም።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ፌሮ፣ ሬንጅ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ ጎማ፣ ናፍታ ሁሉም ተከተሉት። ዋጋው ተቆልፎ የተፈረመ ውል የያዘ ትንሽ ኮንትራክተር ሥራውን ቢጨርስ ይከስራል፤ ጥሎ ቢሄድ ዋስትናው ይወረሳል። ስለዚህ መሀል ላይ ይንቀራፈፋል። ጀማሪው ተቆጣጣሪ ይህን ሳይረዳ "ለምን አትሠራም?" እያለ ደብዳቤ ብቻ ቢጽፍ ዋጋ የለውም። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ ይፈቅዳል? አይፈቅድም? መጀመሪያ መነበብ ያለበት የውሉ ክፍል እሱ ነው። ኢንጂነሮች ስዕሉን እናነባለን፤ የውሉን አጠቃላይና ልዩ ሁኔታዎች ግን ለጠበቃ እንተዋለን። ወረዳ ላይ ጠበቃ የለም።

ጦርነቱን ሳያነሱ ስለ ጎጃም ሥራ መጻፍ ደግሞ ቀልድ ይሆናል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ብዙ ፕሮጀክት ቆሟል፤ መንገድ ይዘጋል፤ ማሽን ማንቀሳቀስ ያስፈራል፤ እገታው ሌላ ነው። ወረዳ የተመደበ ልጅ ሳይት ሊወጣ የማይችልበት ወር አለ። "ወረዳ ሂዱ" የሚል ምክር ይህን ካላየ ኃላፊነት የጎደለው ነው። ማንም ሰው ለካልቨርት ብሎ አይሙት። መውጣት በማይቻልበት ጊዜ የሚሠራ ግን አለ፤ የቆሙ ውሎችን የተሠራና ያልተሠራ መጠን በማስረጃ ለይቶ መመዝገብ። ሰላም ሲወርድ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ እሱ ላይ ነው የሚሆነው። ማሽኑ ስንት ቀን ቆመ? ቆሞ ለነበረበት ማን ይከፍላል? ያኔ መዝገብ ያለው ቢሮና የሌለው ቢሮ ይለያሉ።

አስተማሪው ማን ይሁን?

አሁን ወዳነሣሁት ችግር ልመለስ። ወረዳ ላይ ጀማሪው የሚጠይቀው የለውም። አለቃው ብዙ ጊዜ መሐንዲስ አይደለም፤ ከሆነም ጊዜው በስብሰባ ያልቃል። ሐኪም ሲመረቅ ልምድ ካለው ሐኪም ሥር ይሆናል እንጂ ብቻውን ቀዶ ሕክምና ክፍል አይገባም። መሐንዲስ ግን በተቀጠረ በወሩ ብቻውን የትምህርት ቤት መሠረት ያጸድቃል።

መፍትሔው ብዙ ብር የሚጠይቅ አይመስለኝም። ዞን ላይ ሁለት ሦስት ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች ቢኖሩና ሥራቸው ሪፖርት መሰብሰብ ሳይሆን የወረዳ ጀማሪዎችን በየሳይታቸው እየዞሩ ማየት ቢሆን፣ ብዙ ነገር ይቀየራል። መሠረት ሳይሞላ በፊት አንድ ስልክ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ምክር። ሰኔ ላይ ደግሞ የጀማሪው ፊርማ ብቻውን እንዳይቆም ሁለተኛ ፊርማ ከዞን ቢጨመር ጫናው ይከፈላል። የክልሉ የዲዛይንና ቁጥጥር ድርጅት ውስጥ ዕውቀት አለ፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ላብራቶሪ አለ። የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ የሌላ አገር ሕንፃ ኮፒ ከሚሆን፣ የአንድ ወረዳ ካልቨርቶችን ቆጥሮ፣ የተዘጋውንና የተሰበረውን ለይቶ ካርታ ላይ ቢያስቀምጥ ለወረዳው የጥገና ዕቅድ ይሆናል። ወረዳዎች አዲስ መንገድ ማስመረቅ ይወዳሉ። መጥረጊያና አካፋ ይዞ ሰኔ ሳይገባ ቱቦ የሚጠርግ ቡድን ግን ሪባን አይቆረጥለትም፤ ስለዚህ በጀት የለውም።

እስከዚያው ድረስ ወረዳ የሚገባ ጀማሪ የራሱን አስተማሪ ራሱ ያበጃል። ቀድሞት የተመረቀ፣ ስልክ የሚያነሣ አንድ ሰው። የመንገዶች አስተዳደር የአነስተኛ ትራፊክ መንገዶች ማኑዋል፤ በነፃ ይገኛል፣ ለወረዳ መንገድ ከየትኛውም የኮሌጅ መጽሐፍ ይቀርባል። ጥሩ ሜትር። ለራሱ ብቻ የሆነ ደብተር።

ሲለቅ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቅ። የመንግሥት ቢሮ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመሐንዲስነት አገልግለዋል።" የግል ድርጅት ይህን አይቶ "ምን ሠራህ?" ይላል። የሙያ ምዝገባ ላይም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ አያስኬድም። ስለዚህ የየፕሮጀክቱ ስም፣ የመንገዱ ርዝመት በኪሎ ሜትር፣ የካልቨርቱ ዓይነትና ብዛት፣ የሕንፃው ስፋት፣ የውሉ መጠን፣ የነበረበት ኃላፊነት በደብዳቤው ይጻፍለት። ረቂቁን ራሱ አዘጋጅቶ ቢገባ ይሻላል። የሰው ሀብት ክፍሉ መጀመሪያ "ፎርማቱ አይፈቅድም" ይላል። ኃላፊው ከመዛወሩ በፊት ደጋግሞ መሄድ ነው።